እርጎው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የትኛው ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ደሴ ውስጥ በመድኃኒት መደብር የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ሰሞኑን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ለሆድ ድርቀት ፕሮባዮቲክ እርጎ ፍቱን ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

ሊረዳ ይችላል፤ ፍቱን ግን አይደለም። ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚጠቅም ሕያው ተሕዋስ ነው። ቁም ነገሩ ዝርያው ላይ ነው። ለድርቀት በብዛት የተጠናው ቢፊዶባክቴሪየም ላክቲስ የሚባለው ነው። በአንዳንድ ጥናቶች ሰገራ በአንጀት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ አሳጥሯል፤ በሌሎቹ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። እርጎው ከረጋ በኋላ በእሳት ከሞቀ ደግሞ ባክቴሪያው ይሞታል።

የቤታችን እርጎስ? እኔ በጣም እወደዋለሁ። በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ የረጋ እርጎ ሕያው ባክቴሪያ ሞልቶታል። ግን በራሱ ጊዜ ስለሚረጋ የባክቴሪያው ዓይነት ከቤት ቤት ይለያያል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ስለሆነች እዚያ ፈጥኖ ይረጋል፣ ፈጥኖም ይኮመጥጣል። አደራ የምለው ግን ወተቱ ይፈላ! ከጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ (ከከብት የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) እና የሳንባ ነቀርሳ ሊተላለፉ ይችላሉ፤ መርጋቱ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። አፍልታችሁ፣ ለብ ሲል ጥሩ እርጎ ጠብ አድርጉበት።

ሌላው ያሳሰበኝ፣ ሰው እርጎውን ይዞ የድርቀቱን መንስኤ መርሳቱ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች የሚወስዱት የአይረን ኪኒን ሆድ ያደርቃል። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎችም እንዲሁ። ጫት እንደሚያደርቅማ ቃሚው ራሱ ያውቀዋል። በረመዳን ከመግሪብ እስከ ሱሁር ውሃ በደንብ ካልተጠጣ ድርቀቱ ይብሳል። በሐኪም የታዘዘውን ኪኒን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ መጥታችሁ ጠይቁ።

እርጎ ለማይበላበት ጾም ደግሞ ተልባ አለን። ፋይበሩ ውሃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል፣ የአንጀት ባክቴሪያዎችም ይመገቡታል። ብዙ ውሃ ግን ይፈልጋል። ገብስ፣ ባቄላ፣ ጎመንም እንደዚያው ናቸው። ገበያችን ላይ በቅናሽ የሚገኘውን ትቶ በውድ ዋጋ እርጎ ብቻ የሚገዛ ሰው ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች መውጣት፣ ደረቅ ሰገራና ማማጥ ለወራት ከቀጠለ ሐኪም ይየው። ደም ካለበት፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ ከጀመረ ግን እርጎ እየሞከራችሁ ጊዜ አታጥፉ። ሆድ ተነፍቶ ማስመለስ ካለና ፈስም ከጠፋ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

እርጎ አሽጋችሁ «ፕሮባዮቲክ» ብላችሁ የምትሸጡ ወገኖቼ፣ የባክቴሪያውን ስም፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን በአማርኛ ጻፉልን። ባለሱቆችም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። አዘጋጁም ይህን ጥያቄ ለአምራቾቹ አቅርባችሁ መልሳቸውን በጤና ዓምዳችሁ ብታወጡልን ደስ ይለናል።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከደሴ