ቀጭኑም የጅማ ሰው ስኳር ይይዘዋል

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ውፍረትና ጤና ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሷን ይዤ ልሟገታችሁ ተነሥቻለሁ። ዘጋቢያችሁ ስለ አዲስ አበባ ሠራተኞች ቦርጭና ስለ ጂም ዋጋ ገጽ ሙሉ ከጻፉ በኋላ፣ እንደ ጅማ ባሉ የክፍለ ሀገር ከተሞች ግን ሰዉ ቀጭን ስለሆነ፣ በእግሩ ስለሚሄድና ያልተበረዘ ምግብ ስለሚበላ ስኳርና ደም ግፊት እምብዛም አያሠጉትም ብለው ደምድመዋል። ለመሆኑ ጅማን መጥተው አይተዋታል?

እኔ ጅማ መርካቶ ሃያ ሦስት ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቴ 68 ኪሎ ነው፤ ሐኪሞች ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽሩበት ስሌት 23.5 ይመጣል፣ ከ25 በታች ነውና በዘጋቢያችሁ ሚዛን ጤነኛ ነኝ። የስኳር ሕመምተኛ መሆኔን ካወቅሁ ግን አራት ዓመቴ። ከዚያ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል ውሃ ጥም አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ሌሊት አምስት ጊዜ ለሽንት ስነሣ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሲያቅተኝ፣ የሄድኩበት ጤና ተቋም ባለሙያ ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ «አንተ ደግሞ ምን ሥጋ አለህና ስኳር ይይዝሃል» አሉኝ፤ መነጽር ግዛ ብለውም አሰናበቱኝ። ያን ጊዜ ጣቴን ወግተው አንዲት ጠብታ ደም ቢመረምሩ ኖሮ፣ ዛሬ የእግሬ ጣቶች ባልደነዘዙ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዘገባችሁን ሳነብ ያ ንግግር ነው ጆሮዬ ላይ የጮኸብኝ።

ውፍረት አይጎዳም አላልኩም፤ ይጎዳል። ነገር ግን ኪሎ ብቻውን ስቡ የት እንደተከማቸ አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት የወገብ ዙሪያ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ሥጋቱ እንደሚጨምር ያስቀምጣል፤ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የተከማቸ ስብ፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያውካልና። የእኔ ወገብ 96 ነው። ሱሪ ሊያስለቅቁ የሚመጡ ደንበኞቼም ትከሻቸውና ጭናቸው ከአሥር ዓመት በፊት በደብተሬ ከመዘገብኩት ልክ ንቅንቅ አላለም፤ ወገባቸው ግን በየዓመቱ ስፌት ያስፈታኛል። በሌላ በኩል፣ በምግብ እጥረት ባደጉ ከሲታ ሰዎች ላይ የሚታየውን የስኳር ሕመም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 አምስተኛው ዓይነት ብሎ ለይቶታል። ታዲያ ቅጥነት መድን የሆነው የት ነው?

በእግሩ ይሄዳል ስለተባለውም ልናገር። ከመርካቶ እስከ አጂፕ እንኳ በባጃጅ የምንሄድ ሆነናል፤ ዝናቡንና ጭቃውን እናመካኛለን። እኔ ራሴ ድሮ የስፌት መኪናዬን በእግሬ ስረግጥ እውል ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚያዞረውን ዲናሞ ካስገጠምኩ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ የሚንቀሳቀሰው አንድ ጫማዬ ጫፍ ብቻ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ስቦ ያቃጥላል፤ የተቀመጠ ጡንቻ ግን ያን ያህል አይወስድም። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ሲሆን፣ ለዚህ ደግሞ ዘጋቢያችሁ የዘረዘሩት የጂም ክፍያ አያስፈልግም።

ያልተበረዘ ምግብ የተባለውን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር እጠጣ ነበር፤ አሥራ አምስት ማንኪያ መሆኑ ነው። ቢቻል ከስድስት የሻይ ማንኪያ አይለፍ የሚባለውን የሰማሁት ከታመምኩ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ በጫት ላይ የሚጠጣውን ለስላሳ ገና አልቆጠርኩትም።

ስለዚህ ማስተካከያው በዚያው ገጽ ይውጣልን፤ ቀጭን አዋቂም ስኳሩንና ግፊቱን እንዲለካ በግልጽ ይጻፍበት። ቆርጬ ከስፌት መኪናዬ በላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሱሪ ሊያስለቅቅ የመጣ ሰው ተራውን ሲጠብቅ ያነበዋል።

ልብስ ሰፊው፣ ከጅማ መርካቶ