ቀይ ቀበሮን በጥይት የገደለ ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቀይ ቀበሮ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከውሾች የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታና የግጦሽ መስፋፋት ነው። በ1984 ዓ.ም. ገደማ በባሌ ተራሮች የደረሰውን እልቂት የሚያስታውስ ሰው በዚህ ቅር አይሰኝም። እኔ ግን የምጽፈው እምብዛም ስለማይወሳው ስለ ጥይቱ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ እግሩ በጥይት ተሰብሮ ተገኘ። ባለሙያዎችና የፓርኩ ጠባቂዎች ለ50 ቀን ያህል አክመው፣ ስሙንም «ተረፈ» ብለው ለቀቁት። ተረፈ ዳነ፣ ኋላም ተጓዳኝ አግኝቶ ለመውለድ በቃ። ተመትቶ ጓሳው (የደጋው ሣር) ውስጥ የቀረውን ግን ማንም አይቆጥረውም።

ባለፈው ዓመት ለሥራ በሄድኩበት አንድ የደጋ ቀበሌ ያሳደሩኝ አባወራ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ አዲሱን ክላሻቸውን ለመሞከር ቀይ ቀበሮ ላይ እንደተኮሱ እንደ ዋዛ አጫወቱኝ። «በግ በልቶብዎት ነው?» ብላቸው፣ «ኧረ ምን በወጣው! እሱስ ከአይጥና ከፍልፈል ሌላ ምን ያውቃል?» አሉኝ። አነጋገራቸው ትክክል ነበር። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎች መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን፣ ጭላዳዎቹ ሣራቸውን መንቀል እንኳ ሳያቋርጡ አይቻለሁ። አንዳንዴ ግልገል መንጠቁ ባይካድም፣ ተራው ቀበሮ ላጠፋውም ጭምር የሚከፍለው እሱ ነው፤ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሞጥሟጣ፣ ጉሮሮው ነጭ መሆኑን ያየ ሰው ግን ሁለቱን ሊያምታታ አይገባም።

በዓለም ላይ ከእኛ ተራሮች በቀር የትም የማይገኘው ይህ አውሬ፣ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት 500 ገደማ ብቻ ናቸው። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት በመሆኗ፣ እሷ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የወሊድ ወቅት ከተመታች ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ቡችሎችም አብረው ያልቃሉ፤ መንጋውም የዓመቱን ልጆች ያጣል።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የጎደለው ሕጉን ከጥይቱ ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባለ መሣሪያን ሁሉ ወደ መዝጋቢው ፊት የሚያመጣ በመሆኑ፣ የሚመለከታቸው አካላት ቀይ ቀበሮ በሚገኝባቸው ወረዳዎች፣ አስመዝጋቢው የእንስሳውን ሥዕል አይቶ፣ መግደሉ እንደሚያስጠይቀው ተነግሮት እንዲፈርም ቢያደርጉ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው። የመንዝ ሰው ቀሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓቱ ጓሳውን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው፣ መቼ ማጨድና ማሰማራት እንደሚከለከል እያንዳንዱ አባወራ አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር ነው።

ያሳደሩኝ አባወራ መሣሪያቸውን ያስመዘገቡት ወረዳው ዘንድ ነው። ያን ቀን ስለ ቀይ ቀበሮ አንድ ቃል የነገራቸው እንደሌለ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን