ለሰብለ፣ ከቫንኩቨር

ሰብልዬ፣ እንዴት ነሽ? እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እንደ ልብሽ ትቆጪኛለሽ። አሁን የማማክርሽ ነገር አለ።

ሰሞኑን ልጄን ማህደርን ይዤ እዚህ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ሄድኩ። ስንት ዓመት በደጁ አልፌያለሁ፣ ገብቼ ግን አላውቅም። መሬቱ የነባሮቹ የማስኩዊም ሕዝብ ነው። በውል ያስረከቡት እንዳልሆነ ሙዚየሙ ራሱ በግልጽ ይናገራል። ትምህርት ሲዘጋ የነባር ሕዝቦች ልጆች፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ እዚያ ሠልጥነው ሰው ያስጎበኛሉ። ይህ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ፋሲል ግንብን ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበበት ዓመት መሆኑ ገረመኝ።

እኛን ያስጎበኘችን ልጅ ማህደርን በአንድ ክፍል ብትበልጣት ነው። መጀመሪያ በራሷ ቋንቋ ሰላም አለችን። ኒስጋ ከሚባለው ነባር ሕዝብ መሆኗን፣ የአያቷን መንደር፣ የእናቷን ወገን ነገረችን፤ እነሱ ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው። ከዚያ አንድ የእንጨት ሳጥን ፊት ቆመች። ሰብልዬ፣ አራቱም ጎኑ አንድ ሳንቃ ነው! ዝግባውን ሦስት ቦታ ቦርቡረው፣ በእንፋሎት አለስልሰው ያጥፉታል። አራተኛው ማዕዘን ላይ ጫፍና ጫፉን በእንጨት ችንካር ወይም በስፌት ያያይዙታል። ምስማር የሚባል የለውም። ውኃ አያፈስም፣ የጋለ ድንጋይ እየከተቱ ዓሣ ይቀቅሉበት ነበር። ልጅቷ ከኪሷ ወረቀት አውጥታ አጣጥፋ አሳየችን። ማህደር ወረቀቱን ተቀብላ እስክንወጣ ድረስ አልለቀቀችውም።

ጭምብሎቹ ጋ ስንደርስ ድምጿ ዝቅ አለ። ፖትላች የሚሉት ድግስ አላቸው። ስም የሚወረስበት፣ ሙት የሚታሰብበት፣ ባለድግሱ ሀብቱን ለእንግዶቹ የሚያድልበት ነው። የካናዳ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1951 ከልክሎት ነበር። በ1921 አንዱን ድግስ ምክንያት አድርገው ሰው አሠሩ፣ ጭምብሉን ሁሉ ወሰዱ፤ በየሙዚየሙ ተበተነ። እስቲ አስቢው፣ ተዝካር አወጣሽ ተብለሽ ስትታሠሪ! ከ150 ሺህ በላይ ልጆችም ከቤታቸው ተወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ እዚያ በቋንቋቸው መናገር ያስቀጣ ነበር። የሷም አያት አንዷ ናቸው። ያን ስትነግረን እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ቢል ሪድ የሚባል፣ ሃይዳ ከሚሉት ሌላ ነባር ሕዝብ የሆነ ቀራጺ ሥራ አለ፤ ቁራ ከዛጎል ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ሲያወጣ የሚያሳይ ትልቅ የእንጨት ቅርጽ። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ፣ «ይሄ የሃይዳዎች ታሪክ ነው፣ የኔ አይደለም። እነሱ ለሰው የነገሩትን ያህል ብቻ ነው የምነግራችሁ» አለች። በዚህ ዕድሜዋ! አዋቂው ሁሉ ያልሰማውን በሚያወራበት ዘመን እንዲህ ያለ ጨዋነት የት ይገኛል?

መኪና ውስጥ ማህደር ዝም ብላ ቆየችና፣ «እማ፣ እኔ ፋሲል ግንብ ፊት ብቆም ምን እላለሁ?» አለችኝ። በአማርኛ! ሁልጊዜ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ደስ ብሎኝ ስለ ፋሲለደስ፣ ስለ ነገሥታቱ ጀመርኩላት። «እሱን ስልኬም ይነግረኛል። ያንቺ አያት የት ነበር የምትቀመጠው? ውኃ ከየት ነበር የምትቀዳው?» አለች። ከቀሃ ወንዝ ሌላ የምነግራት አጣሁ። አያቴን ከኔ ይልቅ ያንቺ እናት ያውቋታል።

እና ሰብልዬ... እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ? የቅርስ ክበብሽ አሁንም አለ አይደል? ለሚመጣው ክረምት ማህደርን ብልክልሽ፣ ከተማሪዎችሽ ጋር ታቆሚያታለሽ? አንቺ ድሮም ሳንጠይቅሽ ነበር የምታስጠኚን፤ የጃንተከል ዋርካውን ቀን እኔ አልረሳሁትም። እንዳንቺ አድርጎ የሚነግራት ሰው የለኝም። ግንቡን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን፣ የእማማን ወሬ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እንድትሰማ ነው የምፈልገው።

የመንገዱንና የሰላሙን ነገር እውነቱን ንገሪኝ፣ ለኔ ብለሽ አታሳምሪው። አይሆንም ካልሽ አልቀየምም። እንደዚያ ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌግራም ከልጆቹ ጋር አገናኚልኝ። እሷ የሳጥኑን ታሪክ ትንገራቸው፣ እነሱ የራሳቸውን። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ እንዳይስቁባት አደራ፣ ከሳቁባት ዳግም አፏን አትከፍትም።

እማማ የአያቴን ነገር ሲያወሩ በስልክሽ ብትቀጂልኝ ደግሞ... ይሄን እንኳ ለክረምቱ አታቆይብኝ። ጉልበታቸው እንዴት ነው? ሳሚልኝ።

ያንቺው ሂሩት