ጠብላ መቺዎቹን አትርሱብን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ካይሮ የሆድ ውዝዋዜ አስተማሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ዝነኞቹ ዳንሰኞች ሳሚያ ጋማልና ታሂያ ካሪዮካ ከበዲያ ማሳብኒ የካይሮ የምሽት ክበብ መድረክ መውጣታቸውን ማንሳታችሁም ጥሩ ነው። ግን ጠብላ የሚባለውን ከበሮ የሚመቱት የት ገቡ? እነሱም እኮ አስተማሪዎች ናቸው!

የሙዚቀኞችና የዳንሰኞች ሰፈር የነበረው የካይሮው የመሐመድ ዓሊ ጎዳና ከበሮ መቺዎች ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት ከቤተሰብ ነው። ካይሮ ሳለሁ አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ሲያስተምሩ አይቻለሁ። መጀመሪያ ምቱን በአፍ ማለት ነው፤ «ዱም» ወፍራሙ፣ «ተክ» ቀጭኑ ድምፅ፤ «ዱም ተክ፣ ተክ ዱም ተክ»። ቀጥሎ ጭብጨባ። ጠብላውን ያስያዙት መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ ሲሳሳት ዝም ብለው ጉልበቱን መታ መታ ያደርጉታል።

ዳንሰኛዋ ዳሌዋን የምትጥለው እኮ ያቺን «ዱም» ሰምታ ነው። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም አንድ ጠብላ መቺ አነጋግሩልን።

አክባሪያችሁ፣ የዘወትር አንባቢ