ፎክስፕሮ (የድሮው የዳታቤዝ ፕሮግራም መሥሪያ) ላይ ለምትሠሩ፦ ቁልፍ የሚያሰልፉ ፕሮግራሞቻችሁን ፈትሹ

ሰላም የድሬ ልጆች፣

ባለፈው ሳምንት ከዚራ አካባቢ አንድ መጋዘን ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የዕቃ መመዝገቢያው «ኪቦርድ» በሚለው ትዕዛዝ ቁልፎችን ሰው እንደተጫናቸው አድርጎ አሰልፎ ራሱን በራሱ ይሞላል። የሲሚንቶው ብዛት የስኳር መዝገብ ላይ ገብቶ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲሚንቶው መዝገብ በሌላ ኮምፒውተር ተይዞ ስለነበር ስህተት 109 መጣ። ፕሮግራሙም «መዝገቡ ተይዟል፣ ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» አለ። ሰው ሳያየው ሰልፍ ላይ የነበረው ቀጣዩ ቁልፍ መልስ ሆነለት፤ የቀረው ግብዓት በሙሉ ቀድሞ በተከፈተው የስኳር መዝገብ ላይ ፈሰሰ። የመጋዘኗ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ሙቀት ከረጢት ስትቆጥር ነበር፤ አንጀቴን በላችው።

ስለዚህ ስህተት ሲመጣ «ኦን ኤረር» የሚጠራው ፕሮሲጀር (ንዑስ ፕሮግራም) ምንም መልእክት ከማሳየቱ በፊት «ክሊር ታይፕአሄድ» ብሎ የተሰለፉትን ቁልፎች ያጥፋ። የስህተቱንና የመስመሩን ቁጥር ፋይል ላይ ይጻፍ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ወደ ፕሮግራሙ የሚመልሰውን «ሪተርን» አትበሉ፤ ስህተት ከፈጠረው መስመር ቀጥሎ ወዳለው ስለሚሄድ ግማሽ የገባ መዝገብ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ምዝገባውን ከነጭራሹ አቋርጡት።

ከቻላችሁ ደግሞ ቁልፍ ማሰለፉን ተዉትና ከጽሑፍ ፋይል በ«አፔንድ ፍሮም» ትዕዛዝ አስገቡ። እኔ ለመጋዘኑ እንደዚያ ነው የሠራሁት።

የተስተካከለውን ፕሮሲጀር በፍላሽ ይዤዋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስንገናኝ ውሰዱ። መረጃው ያለበትን የዲቢኤፍ ፋይል ኮፒ ሳታደርጉ ግን አንድም መስመር እንዳትነኩ።