ቁጥር ከመረከባችሁ በፊት ወደ ጀልባችሁ መመለስ መቻላችሁን አሳዩን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከመጪው የውድድር ወቅት ጀምሮ በባሕር ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብና ረጅም ጀልባ) ውድድሮቻችንም ሆነ ካያክን ከሩጫና ከብስክሌት ጋር በሚያጣምሩ ዝግጅቶቻችን ሁለት ነገሮች ይለወጣሉ። ማንኛውም ተወዳዳሪ የደረት ቁጥሩን የሚረከበው እግር በማይደርስበት ውሃ ላይ ተገልብጦ፣ ያለ ማንም እርዳታ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጀልባው ላይ ተመልሶ ሲቀዝፍ ካየነው በኋላ ነው። የባሕሩ መስመር ደግሞ የሚነገረው በውድድሩ ዕለት ጠዋት፣ ከመነሻው 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይሆናል። ምክንያቱን ለጠየቃችሁን ሁሉ ዘርዘር አድርገን ልንመልስ ወደድን።

ከፈተናው እንጀምር። ሯጭ ሲደክመው ይቆማል፤ ብስክሌት ነጂ ወርዶ ይገፋል። ባሕር ላይ ግን የቆመ ጀልባ ከሚሄደው ይልቅ ለመገልበጥ ይቀርባል፤ ቀዛፊውን ደግፎ የሚይዘው መቅዘፊያው በየቀዘፋው ከውሃው የሚያገኘው ድጋፍ ነውና። ክንድ ሲዝል ቀዘፋው ያጥራል፣ ድጋፉም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ መገልበጥ የጀማሪ ችግር ብቻ አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ልምድ ያለውንም ያገኘዋል። «አጃቢ የሞተር ጀልባ አለ አይደል?» ያላችሁን አላችሁ። አለ። ነገር ግን ነፋስ ድንገት ሲነሳ የሚገለበጠው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም፤ አጃቢው አንዱን እስኪያነሳ ሌሎቹ ውሃ ውስጥ ይጠብቃሉ።

በቀዝቃዛ ውሃ መጠበቅ ደግሞ አደገኛ ነው። የውሃው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ድንገት የገባበት ሰው ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል። ይህ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ እስከዚያ ጀልባውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ አፍን ከውሃ በላይ ማቆየት ብቻ ነው የሚበጀው። ውሃው በጣም የቀዘቀዘ ከሆነ ከዚያ በኋላ ጣትና ክንድ በደንብ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ወደ ጀልባው መመለስ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሙከራ መሳካት ያለበትም ለዚህ ነው። ልብስ ስትመርጡም የአየሩን ሳይሆን የውሃውን ሙቀት ተከተሉ፤ ፀሐዩ ቢያቃጥልም ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ የኒዮፕሪን ልብስ (ሙቀት የሚጠብቅ የጎማ ልብስ) ያልለበሰን አናስነሳም።

የተዘጋ ካያክ (ቀዛፊው ውስጡ ገብቶ የሚቀመጥበት) የምትቀዝፉ በመቅዘፊያ ጫፍ ላይ የሚጠለቀውን ተንሳፋፊ ከረጢት ብትለማመዱ ይሻላችኋል። እንደተገለበጣችሁ በቅድሚያ ጀልባውን ያዙ፤ ነፋስ ባዶ ጀልባን ዋናተኛ ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ፈጥኖ ይወስዳል። አንድ እግራችሁን በመቀመጫው አፍ ውስጥ አስገብታችሁ እጆቻችሁን ነፃ አድርጉ። ከረጢቱን በመቅዘፊያው አንድ ጫፍ ላይ አጥልቁት፣ ማሰሪያውን ቆልፉ፣ እስኪወጠር ንፉት። ከዚያ ጀልባውን አቅንታችሁ የመቅዘፊያውን ዘንግ ከመቀመጫው ጠርዝ ጀርባ በ90 ዲግሪ አጋድሙት፤ ከረጢቱ በእናንተ በኩል ውሃው ላይ ይተኛል። እግራችሁን እያንፈራገጣችሁ በደረታችሁ የጀልባው ጀርባ ላይ ውጡ፣ ፊታችሁን ወደ ኋላ ጫፍ አድርጋችሁ እግሮቻችሁን ተራ በተራ ወደ መቀመጫው ስደዱ፣ ወደ ከረጢቱ እያጋደላችሁ ዞራችሁ ተቀመጡ።

ሳይሳካ ሲቀር መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ከረጢቱ ግማሽ ብቻ ተነፍቷል፣ ቀዛፊው ከረጢቱ በሌለበት በኩል ዞሯል፣ ወይም እንደተቀመጠ ተደስቶ ቀጥ ብሏል። ሦስተኛው ብዙዎችን ያስገርማል። የመቀመጫው ክፍል ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ ያ ማለት ጀልባው ባዘነበለበት በኩል የሚንከባለል ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ነው። በእጅ ፓምፕ አውጥቶ ለመጨረስ በርከት ያሉ ደቂቃዎች ይፈጃል። ውሃው እስኪወጣ ድረስ ከረጢቱ ከቦታው አይነሳ።

ሰርፍ ስኪ (ቀዛፊው ላዩ ላይ የሚቀመጥበት ጠባብ ጀልባ) ላላችሁ ሥራው ያጥራል፤ መቀመጫው ክፍት ስለሆነ ውሃው ጀልባው ሲንቀሳቀስ በራሱ ይወጣል። ሞገዱ በሚመጣበት በኩል ሁኑ፣ አለበለዚያ ጀልባው ፊታችሁ ላይ ይወረወራል። እግራችሁን እስከ ውሃው ገጽ አንሥታችሁ በሆዳችሁ መቀመጫው ላይ ተሳቡ፣ ዳሌያችሁን አዙራችሁ ሁለቱንም እግር በአንድ በኩል አንጠልጥላችሁ ተቀመጡ፣ ከተረጋጋችሁ በኋላ እግሮቻችሁን ወደ መርገጫው አስገቡ። ከጀልባው ጋር የሚያያይዛችሁ የእግር ማሰሪያ ግዴታ ነው።

በዕቃ ፍተሻው የምናተኩርባቸው ነጥቦች እነሆ። የነፍስ አድን ጃኬቱን በትከሻው በኩል ወደ ላይ ስንጎትተው አገጭ ጋር ከደረሰ ማሰሪያው ላልቷል። ወገብ ላይ ታስሮ የመቀመጫውን አፍ የሚዘጋው ሽርጥ የፊት መጎተቻ ቀለበቱ ከውጭ መሆን አለበት፤ ከሥር ከተቀበረ የተገለበጠው ሰው ሽርጡን መክፈት ይቸግረዋል፣ በዚህ ላይ ምንም አንደራደርም። የዕቃ ክፍሎቹን ክዳኖች ዙሪያቸውን በጣት ተጭነን እናያለን። አንድ በደንብ የማይታወቅ ነገርም አለ፦ ክፍሎቹን በሚለያዩት የጀልባው የውስጥ ግድግዳዎች ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ ካገኛችሁ እንዳትደፍኗት። ፀሐይ ላይ የዋለ ጀልባ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ቀዳዳዋ ከሌለች ክፍሉ በክዳኑ ጠርዝ በኩል ውሃ ይስባል። ባሕር ላይ የመሪው ገመድ የሚበጠሰውም በሞገድ ብቻ አይደለም፤ ጨው ውስጥ ውስጡን ስለሚበላውም ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ካያችሁ ቀይሩት።

ወደ መስመሩ እንለፍ። በኒው ዚላንድ በ1983 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኮስት ቱ ኮስት ውድድር የካያክ ክፍሉ ወንዝ ላይ ነው፤ ወንዝ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈስሳል። የባሕር ዳርቻ ውሃ ግን ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል አቅጣጫውን ይቀይራል። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች ባሕሩ ከሙላት ወደ ጉድለት ለመድረስ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሃው እኩል አይሄድም፦ በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለትና አንድ። ግማሹ ውሃ የሚንቀሳቀሰው በመካከለኛዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው ማለት ነው። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ደግሞ ፍሰቱ ይበረታል።

ይህ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር የሚቀዝፍ ሰው 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ሊሻገር የጀልባውን አፍንጫ በቀጥታ ወደ ማዶ ቢያዞር፣ ከጎን የሚመጣው ፍሰት 2 ኖት ማለትም በሰዓት 3.7 ኪሎ ሜትር ከሆነ ማዶ ሲደርስ ከታለመው ቦታ 530 ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በቀጥታ መድረስ ከፈለገ ጀልባውን በ32 ዲግሪ ገደማ ወደ ፍሰቱ ማዞር ይኖርበታል፤ መሻገሪያውም 10 ደቂቃ ይፈጃል። ዲግሪውን በዓይን መገመት ስለሚያስቸግር ማዶ ላይ ከፊትና ከኋላ የተሰለፉ ሁለት ምልክቶችን ምረጡ፣ ለምሳሌ አንድ ቋጥኝና ከበስተጀርባው ያለ ዛፍ። ሁለቱ ሳይለያዩ ከቆዩ መስመራችሁ ልክ ነው።

ከሁሉ በላይ የምንፈራው ነፋስ ፍሰቱን ፊት ለፊት ሲገጥመው ነው። ያኔ ሞገዶቹ ይጠጋጋሉ፣ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይነሳሉ፤ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ለስላሳ የነበረው ቦታ በዚያው የነፋስ ፍጥነት ሊቀዘፍ የማይችል ይሆናል። የነፋስ ትንበያ ብቻ አይታችሁ «ዛሬ ምቹ ነው» ስትሉን ሌላ ውሳኔ የምንሰጠውም በዚህ የተነሳ ነው። ከመሬት ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስም ያታልላል። ከባሕር ዳር ሲታይ ውሃው ዝርግ ነው፤ ሞገዱ የሚያድገው ከመሬት በራቃችሁ መጠን ነው፣ መመለሻችሁም በነፋሱ ላይ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጠዋት ደሴት የሚዞረውን መስመር ሰርዘን ዳርቻውን ተጠግቶ የሚሄደውን እንመርጣለን። ከገደል ሥር ግን አናስኬዳችሁም፤ ከድንጋዩ የሚመለሰው ሞገድ ከሚመጣው ጋር ተጋጭቶ ውሃውን ያለ አቅጣጫ ያዘልለዋል።

በጥምር ውድድር ለምትሳተፉ ጥቂት እንጨምር። የሩጫ ጫማችሁን የያዘው ውሃ የማያስገባ ከረጢት አፉ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታጠፍ። ከባዱን ዕቃ ከመቀመጫው ጀርባ አስጠጉ፤ ከፊት ከበዛ ነፋሱ የኋላውን ጫፍ እየገፋ አፍንጫውን ወደ ራሱ ያዞረዋል፣ መላ ጉልበታችሁም ጀልባውን በማቅናት ያልቃል። የመጠጥ ቱቦው ጃኬቱ ላይ ይሁን፤ መቅዘፊያውን ለቅቆ ጠርሙስ የሚፈልግ ሰው በሞገድ መካከል ድጋፉን ለቀቀ ማለት ነው። ከመድረሳችሁ 500 ሜትር ቀደም ብላችሁ እግሮቻችሁን ተራ በተራ ዘርጉ፣ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው ድንገት ሲነሳ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በዳርቻው ሞገድ መካከል ከወደቀ ደግሞ በውሃ የተሞላው ጀልባ ይመታዋል። ስትወርዱ በጀልባውና በመሬቱ መካከል አትቁሙ።

ፈተናው የሚካሄደው በውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ለውድድሩ በምትለብሱት ልብስና በምትቀዝፉት ጀልባ ነው። በባለ ሁለት መቀመጫ የምትወዳደሩ ሁለታችሁም አብራችሁ ትገለበጣላችሁ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በተቃራኒው በኩል ጀልባውን ይዞ ያመዛዝናል። በመጀመሪያው ሙከራ ያልተሳካለት ዐርፎ ሁለት ጊዜ ሊደግም ይችላል። በዚያም ካልሆነለት በሩጫና በብስክሌቱ ክፍል ብቻ ይወዳደራል፣ ለካያኩ ክፍል የከፈለውም ይመለስለታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የውድድር ዝግጅት ክፍል