ሳይመረመር የታዘዘ መድኃኒት፦ ለእንስሳት ጤና ቁጥጥር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

የምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ለዓሦቼ መድኃኒት መታዘዙን ጠቅሼ ለቢሮዎ ያስገባሁት አቤቱታ ሰሚ ስላጣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የእንስሳት መድኃኒት አጠቃቀም መመሪያውን ያውቁታል፤ አስፈጻሚውም እርስዎ ነዎት።

ኩሬዬ ውስጥ ያሉት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሦች ዓይናቸው ፈጦ፣ ሚዛናቸውን ስተው ውኃው ላይ ሲሽከረከሩ ባለሙያዎ መጥተው አይተዋል። ምልክቱ የስትሬፕቶኮከስ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓይን የሚያፈጥጥ ባክቴሪያ እርሱ ብቻ አይደለም። የሚለየው ከአንጎልና ከኩላሊት የተወሰደ ናሙና ላቦራቶሪ ገብቶ ተህዋሲው ሲያድግ፣ ከዚያም የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ሲፈተን ነው። ናሙናው ተወሰደ። ውጤቱ ሳይጠበቅ ግን ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን የቴትራሳይክሊን ወገን አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር ቀላቅለህ አብላ ተባልኩ። አበላሁ። ዓሦቹ ማለቃቸውን አላቆሙም። ውጤቱ የት ደረሰ ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «መጠኑን ጨምር» የሚል ነው።

የታመመ ዓሣ እኮ አስቀድሞ የሚተወው መብላትን ነው! መድኃኒቱን የሚበላው ገና ያልታመመው ነው። ከተበላውም አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ከኩስ ጋር ይወጣል፤ የተረፈው መኖ ከነመድኃኒቱ ጭቃው ላይ ይዘቅጣል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች በማይገድላቸው መጠን እያገኙት ይላመዱታል። ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ የእኔ ነበር። መድኃኒቱን የሚቋቋሙበትን ዘረመል ግን ፕላዝሚድ በሚባለው ቅንጣት ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያም ያቀብላሉ። ቴትራሳይክሊን ሰው የሚታከምበት መድኃኒት ነው፤ የኩሬ ውኃም ወደ ሌላ ውኃ ይፈስሳል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ዓሣው ስንት ቀን ሳይሸጥ መቆየት እንዳለበት አንድም ሰው አልነገረኝም። ቀኑ ከውኃው ሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ መድኃኒቱ ከሥጋው ለመውጣት ይዘገያል። የሚበላው ሰው አይታሰብም?

መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሳልሞን እርባታዋ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ታውል ነበር። ክትባት ከተስፋፋ ወዲህ ምርቷ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ከ1 ቶን በታች ወርዷል።

የናሙናዬ ውጤት በጽሑፍ ይሰጠኝ። «ጨምር» ያሉት ባለሙያም ትእዛዛቸውን በፊርማቸው ያረጋግጡ። እስከዚያ ድረስ የተረፉትን ዓሦች ለገበያ አላወጣም፤ ኪሳራውንም ቢሮዎ እንዲተካ በሕግ እጠይቃለሁ።

አንድ ዓሣ አርቢ